ለሰብለ ያለቀሰ ሁሉ

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ ያላለቀሰ ማን አለ? እኔም አልቅሻለሁ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውማ ስንቱ ቤት ጸጥ ብሎ ሰምቷል! ግን ምን ገባን? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት የፍቅር ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ክስ ነው። የበዛብህና የሰብለ ወንጌል አደጋ የጀመረው መንገድ ላይ አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አጣሁ ብለው ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ፣ እዚያው ሳሎናቸው ውስጥ ነው የጀመረው።

እኛስ? ባለፈው የእህቴ ልጅ እጮኛዋን ይዛ መጣች። ገና ስሙን ሳልይዝ «ዘሩ ከወዴት ነው?» አልኳት። ልጅቷ ዝም ብላ አየችኝ። አፈርኩ። ለሰብለ ያነባው ዓይኔ፣ ለካ የፊታውራሪ ዓይን ኖሯል! እንባው ይቅርብን፤ መጀመሪያ ጥያቄውን እንተው።