የሪሞት መኪና ከማስመጣታችሁ በፊት፦ ለሐዋሳ ቤተሰቦች ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ ለልጆቻቸው የሪሞት መኪና ለመግዛት ወይም ከውጭ ለማስመጣት ላሰቡ የሐዋሳ ቤተሰቦች ነው። በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራው ርካሽ ፕላስቲክ አይደለም የምናገረው። «ሆቢ ግሬድ» ስለሚባለው ነው፤ ሞተሩ፣ ጎማው፣ ሞላው፣ ባትሪው እየተፈታ የሚጠገንና የሚቀየር፣ ትራክሳስ፣ አርማ፣ ታሚያ በሚሉ ስሞች ስለሚታወቀው ማሽን። የጃፓኑ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1976 የመጀመሪያውን የሪሞት መኪና፣ ፖርሽ 934ን፣ ሲያወጣ ገዢው ራሱ ቁጭ ብሎ የሚገጣጥመው ነበር። ዛሬ አብዛኛው ተገጣጥሞ ስለሚመጣ ከካርቶኑ ወጥቶ በቀጥታ ልጅ እጅ ይገባል፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ትራክሳስ በብዙ ሞዴሎቹ መመሪያ ላይ ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ነገሩን የሚያውቅ አዋቂ አጠገቡ ሳይኖር እንዳይነዳው ያሳስባል። ከዘመድ የመጣ ስጦታ ሲከፈት ግን መመሪያውን የሚገልጥ ብዙ ሰው የለም።

ፍጥነቱን በቁጥር እንየው። የትራክሳስ ስላሽ፣ የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ የሆነው፣ ተራ ሞተር የገጠመው እንኳ በሰዓት ወደ 48 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህም በአንድ ሰከንድ ከ13 ሜትር በላይ ነው። በ200 ካሬ ላይ ቤት ሠርቶ፣ ሰርቪስ ጨምሮ፣ የመኪና ማቆሚያ ለይቶ፣ 13 ሜትር ባዶ ግቢ የተረፈው ስንት ሰው ነው? ልጁ የፍጥነት መስጫውን ጫን ሲል መኪናው ከበረንዳው ተነስቶ አጥሩ ጋር የሚደርሰው እኛ «ቀስ በል!» ብለን ሳንጨርስ ነው። ከሁለት ኪሎ በላይ የሚመዝን ነገር በዚያ ፍጥነት ቁርጭምጭሚት ሲመታ ጉልበቱ ከ9 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ ገደማ፣ እንደወደቀ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የሚጫወት የሁለት ዓመት ሕፃን ደግሞ ፊቱ ለመኪናው ከፍታ የቀረበ ነው።

ግቢው ሲጠብ ወደ መንገድ መውጣት ይመጣል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ባጃጅ በየቅያሱ በሚታጠፍበት ከተማ፣ ዓይኑን መኪናው ላይ የተከለ ልጅ ግራና ቀኝ አያይም። ሪሞቱ ውስጥ ያለው ባትሪ ሲደክም ወይም ሲግናሉ ሲቋረጥ መኪናው እንዲቆም የሚያደርገው ፌልሴፍ የሚባለው አሠራር በትክክል ካልተስተካከለ፣ መኪናው በያዘው ፍጥነት ሊሄድ ይችላል። ከመንዳት በፊት ጎማዎቹን ከመሬት አንስታችሁ፣ ጥቂት እያሽከረከራችሁ፣ ሪሞቱን አጥፉት። ጎማው ካልቆመ መኪናው ከግቢ አይውጣ፤ ግቢም ውስጥ አይነዳ።

ፍቅር ሐይቅና አሞራ ገደልም ለዚህ አይሆኑም። እሁድ ከሰዓት እዚያ ያለውን ሕዝብ ታውቃላችሁ፤ እግር ሥር የሚሮጥ ሕፃን አለ፣ ዓሣ ሲጸዳ የሚጠብቅ አባ ኮዳ አለ። ካርቶኑ ላይ «ውሃ አያስገባም» ስለተባለ መኪናውን ወደ ሐይቁ ዳር የሚነዳ ልጅ፣ መኪናው ሲቆምበት ለማውጣት ቄጠማው ውስጥ ይገባል። ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ እንዳለ ለሐዋሳ ሰው አይነገርም።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያሰጋኝ ባትሪው ነው።

እነዚህ መኪኖች በሁለት ዓይነት ባትሪ ይሠራሉ። አንደኛው ኒኬል ያለበት ነው፤ ከበድ ያለ፣ ፍጥነቱ መጠነኛ፣ ስሕተትን የሚችል። ሁለተኛው ሊፖ የሚባለው፣ ቀላልና ኃይለኛው ሊቲየም ነው። የሊፖ አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከዚያ ማለፍ የለበትም። የኒኬል ባትሪ ቻርጀር ይህን ወሰን ስለማያውቅ መጫኑን ይቀጥላል። ያን ጊዜ ባትሪው እንደ ትራስ ያብጣል፤ ይሞቃል፤ ከዚያ ነጭ ጭስ፣ ከጭሱ በኋላ እሳት ነው። ስለዚህ ሊፖ ያለው ቤት ለሊፖ የተሠራ ቻርጀር ሊኖረው ግድ ነው። ከባትሪው ወፍራም ሽቦዎች ጎን ያለችው ትንሿ ነጭ መሰኪያም ቻርጀሩ ላይ ትሰካ፤ ሴሎቹን እኩል የምታስሞላው እሷ ናት። ባትሪው ላይ 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ከተጻፈ ቻርጀሩን ከ5 አምፔር አታሳልፉት። «ቶሎ ይሙላ» ብሎ ቁጥር መጨመር የሚያዋጣ አይደለም።

አሜሪካ ካለ ዘመድ ለሚመጣ ዕቃ ሌላም አደጋ አለ። የዚያ አገር የቤት መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ፣ ኢንፑት በሚለው ቦታ፣ 100-240 ከተጻፈ እዚህም ይሠራል። 120 ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር አይሰካም። ከሱቅ የምንገዛት አዳፕተር የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አትቀይርም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የመብራቱን ነገርም አስቡት። ቀን ይጠፋል፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሁሉም ሲተኛ በድንገት ይመጣል፤ አንዳንዴም ከልኩ በላይ ሆኖ። «ሞልቶ ይደር» ተብሎ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋ ላይ፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በተሰኩበት ዲቫይደር ላይ የተተወ ሊፖ በዚያ ሰዓት ጠባቂ የለውም። ቻርጅ የሚደረገው አዋቂ ነቅቶ አጠገቡ ሲኖር ብቻ ይሁን። ቦታው መጋረጃና ምንጣፍ የሌለበት በረንዳ ይሁን፤ ባትሪውም የተሰነጠቀ፣ ከሥራ የወጣ የሸክላ ምጣድ ላይ ይቀመጥ። ከዚህ የተሻለ ርካሽ መከላከያ አላውቅም። መብራት ከጠፋ ወዲያው ንቀሉት። ጭስ ካያችሁ መጀመሪያ ልጆቹን አስወጡ፤ ጭሱ መርዛማ ስለሆነ አትተንፍሱት። ከቆጣሪው አጥፍታችሁ ከራቃችሁ በኋላ ደረቅ አሸዋ ወይም ብዙ ውሃ መጠቀም ይቻላል። ያበጠ ባትሪ ደግሞ አይበሳም፣ ዳግም አይሞላም፣ ለልጅ መጫወቻ አይሰጥም፤ አሸዋ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ ከቤት ውጭ ይቆይ።

ትንንሽ ልጅ ላለበት ቤት፣ መብራት ያላቸው ርካሽ መጫወቻዎችና ትንንሽ ሪሞቶች ውስጥ ያለችው የልብስ ቁልፍ የምትመስል ባትሪም አትረሳ። የተዋጠች እንደሆነ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ታቃጥላለች። ክዳኑ በብሎን የማይዘጋውን አትግዙ፤ ልጅ ከዋጠ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ጨዋታውን ጠልቼ አይደለም። በሽቦና በቆርኪ መኪና ሠርቶ ያደገ ትውልድ፣ ልጅ ብሎን ፈትቶ የማርሽ ጥርስ ሲቆጥር ምን እንደሚያገኝ ያውቃል። አባትና ልጅ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሲጠግኑ ማየት ደስ ይላል። ምርጫው ግን ከግቢያችሁ ይነሳ። ለጠባብ ግቢ አንድ አሥራ ስድስተኛ ወይም አንድ አሥራ ስምንተኛ የሆነ አነስተኛ፣ ተራ ሞተር ያለው፣ ፍጥነቱ በግማሽ የሚቀነስበት የልምምድ ስልት ያለው ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የኒኬል ባትሪ ይሁን። ብራሽለስ የሚባለው ኃይለኛ ሞተርና ሦስት ሴል ሊፖ ሰፊ ሜዳ ላላቸው፣ ለለመዱም ነው። የበጋው አቧራ ማርሽና ቦሎቤር ውስጥ ስለሚገባ ማርሹ የተሸፈነውን ምረጡ፤ ከነዳችሁ በኋላም በደረቅ ብሩሽ አጽዱት።

ዘመዳችሁ እንዲያመጣላችሁ ስትነግሩ ከሞዴሉ ስም ጋር ይህን ጻፉለት፦ መለዋወጫ እዚህ እንደልብ ስለማይገኝ አንድ ጥንድ የፊት ጎማ መያዣ እጅና ጥቂት ማርሽ ይጨምር። መኪናው በትልቁ ሻንጣ ይግባ፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ግን በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚጫነው፤ ጫፎቹም በፕላስተር ይሸፈኑ። ባትሪው በአውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚያልፈው ከ100 ዋት ሰዓት በታች መሆኑን ለማወቅ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ማባዛት ይበቃል፤ 7.4 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት 37 ይሆናል። የቻርጀሩን ጀርባ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፤ 100-240 የሚለውን በዓይናችሁ ሳታዩ አይክፈል።