ቤተ ሰብ ይዞ ወደ አመዳይ ተራራ ስለ መሄድ

በአውሮፓ ክረምት የሚባለው ወራት በእኛ አገር እህል የሚወቃበት በጋ ነው። በታኅሣሥና በጥር የእኛ ገበሬ በጠራራ ፀሐይ በዐውድማው ላይ ሲውል፣ የስዊስ አገር ባላገር ግን ማለዳ ተነሥቶ ከደጁ የተከመረውን አመዳይ በአካፋ ይጠርጋል። ይህን አስቀድመን መናገራችን፣ «የክረምት ዕረፍት» ሲባል ሰምቶ ሐምሌንና ነሐሴን የሚያስብ ሰው ስለማይጠፋ ነው። ደግሞም እኛ በረዶ ስንል የሚታየን ከነጐድጓድ ጋር ወርዶ ሰብል የሚያጠፋው ጠጠር ነውና፣ በዚያ አገር እንደ ተነደፈ ጥጥ ቀስ እያለ የሚወርደውን፣ ወርዶም ወራት ሙሉ ሳይቀልጥ የሚተኛውን፣ በመጻሕፍት እንደ ተለመደው አመዳይ እያልን እንጠራዋለን።

ከወገኖቻችን መካከል በመንግሥት ሥራና በትምህርት ምክንያት በዤኔቭና በሌሎችም የአውሮፓ ከተሞች የሚቀመጡ አሉ፤ ከአገር ቤትም ዘመድ ሊጠይቁ የሚሄዱ አሉ። ልጆቻቸው ከጓደኞቻቸው ሰምተው «እኛስ ወደ ተራራው መቼ እንሄዳለን?» እያሉ መወትወታቸው አይቀርም። ነገሩ በእውነት ደስ የሚያሰኝ ጨዋታ ነው። ነገር ግን ጨዋታው በተራራ ላይ ነውና፣ ሳይታሰብበት የገባበት ሰው እግሩን ይሰበራል፤ አልፎም ነፍስ ይጠፋበታል። ስለዚህ አባትና እናት ከመነሣታቸው በፊት ሊማከሩበት የሚገባውን በዛሬው ዐምዳችን እናቀርባለን።

ስኪ የሚባለው ከጠንካራ ጫማ በታች የሚታሰር ረጅምና ቀጭን ሳንቃ ነው። ሰውየው ሁለቱን ሳንቃዎች በሁለት እግሩ አስሮ፣ በእጆቹ ሁለት ዘንግ ይዞ፣ በአመዳዩ ላይ ከዳገት ወደ ቍልቍለት ይንሸራተታል። ወደ ላይ የሚያወጣው በብረት ገመድ ላይ የሚሄድ ሠረገላ ወይም የተራራ ባቡር ነው።

ነገራችን በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ አንድ ቦታ እንምረጥ። በስዊስ አገር በቫሌ አውራጃ ዜርማት የምትባል መንደር አለች። ከዤኔቭ በባቡር አራት ሰዓት ያህል ታስኬዳለች። በቤንዚን የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ መንደሪቱ አይገባም፤ በአውቶሞቢል የመጣ ሰው ቴሽ በምትባለው፣ 5 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው መንደር መኪናውን አቁሞ በባቡር ይገባል። በመንደሪቱ ውስጥ ዕቃና ሰው የሚመላለሰው በኤሌክትሪክ በሚሄዱ ትንንሽ ሠረገላዎች ነው። ሕፃናት ላሉት ቤተ ሰብ ይህ ጸጥታ ትልቅ ነገር ነው፤ እኛም ከሌሎቹ ስመ ጥር ቦታዎች ይልቅ ዜርማትን የመረጥነው አንድም ስለዚህ ነው።

የመንደሪቱ ከፍታ 1600 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናትና፣ የአዲስ አበባ ሰው ወደ ዜርማት ሲሄድ ወረደ እንጂ ወጣ አይባልም። ልጆች የሚማሩበት ሱኔጋ የሚባለው ሜዳ 2288 ሜትር ስለ ሆነ፣ ለደጋ ልጅ እንደ ቤቱ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ መኵራት ደግ አይደለም። በገመድ ሠረገላ የሚደረስበት ትንሹ ማተርሆርን የሚባለው ጫፍ 3883 ሜትር ነው፤ በዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአንድ ሦስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ራስ የሚያዞረውና የሚያቅለሸልሸው ሰው «እኔ የደጋ ሰው ነኝ» እያለ መቈየት የለበትም፤ ወዲያው ወደ ታች መውረድ አለበት።

ከመንደሪቱ በላይ ማተርሆርን የሚባለው፣ 4478 ሜትር የሆነው ሾጣጣ ተራራ ቆሟል። የእኛ ራስ ዳሽን ከ4500 ሜትር በላይ ስለ ሆነ በቁመት ይበልጠዋል፤ በገደልነት ግን የሚወዳደሩ አይደሉም። ወደዚህ ተራራ ጫፍ ሰው መጀመሪያ የወጣው በአውሮፓ አቈጣጠር ጁላይ 14 ቀን 1865 ዓ.ም. ነው። ኤድዋርድ ዊምፐር የተባለ እንግሊዛዊና ጓደኞቹ፣ ከመሪዎቻቸው ጋር በጠቅላላው ሰባት ሰዎች ሆነው ወጡ። ሲወርዱ ሰባቱም በገመድ ተያይዘው ነበር። ከመካከላቸው ሀዶው የተባለው የ19 ዓመት ወጣት የተራራ ልምዱ ከሁሉም ያነሰ ነበርና፣ እግሩ አዳልጦት ወደቀ፤ ሲወድቅም ከፊቱ ያለውን መሪ መታ፤ ሁለቱም ከኋላቸው ያሉትን ሁለት ሰዎች ሳቡ። ገመዱ በመካከል ተበጠሰና አራቱ ወደ ገደል ገብተው ሞቱ፤ ሦስቱ ተረፉ። የተበጠሰው ገመድ ዛሬም በዜርማት ቤተ መዘክር ይታያል።

ይህን ታሪክ ያነሣነው አንባቢዎቻችንን ለማስፈራራት አይደለም፤ ስኪ የሚማር ሕፃን ማተርሆርን አይወጣምና። ነገር ግን ቤተ ሰብም በማይታይ ገመድ የተያያዘ ነው። ጐበዙ አባት በያዘው ፍጥነት ልኩን ያላወቀው ልጅ ይከተለዋል፤ ልጁን ልትጠብቅ እናት ትከተላለች። ስለዚህ የጉዞው አሳብ በሙሉ፣ የሚሄዱበት ቦታም ቢሆን፣ የሚውሉበት ሰዓትም ቢሆን፣ ከሁሉ በሚደክመው ሰው ልክ ይቈረጥ እንላለን። ጐበዙ ብቻውን የሚሄድበት ሰዓት ለይቶ መስጠት ይቻላል፤ ደካማውን እየጎተቱ በጐበዙ መንገድ መውሰድ ግን አይቻልም።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። በአውሮፓውያን ልደትና አዲስ ዓመት መካከል፣ ደግሞም ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት በፌብሩዋሪ፣ ሆቴሉ ይሞላል፤ ዋጋውም ይወደዳል። በመካከሉ ግን ሰው የሚሳሳበት ጊዜ አለ፤ ይኸውም ከጃንዋሪ መጀመሪያ ሳምንት በኋላ ያለው ነው። ይህም ከእኛ ገና በኋላ እስከ ጥምቀት ካሉት ቀኖች ጋር ይገጥማል። ገናን በቤት አክብሮ፣ በማግስቱ ተነሥቶ፣ ለጥምቀት መመለስ ይቻላል ማለት ነው። በዚህ ላይ ሌላም ጥቅም አለበት፤ በአውሮፓውያን ልደት ጊዜ የእኛ ጾመ ነቢያት ገና አልተፈታም፤ የቫሌ አገር የታወቀው ምግብ ደግሞ ፎንዱና ራክሌት የሚባለው የቀለጠ አይብ ነው። የሚጾም ሰው ሌሎቹ ሲበሉ እያየ በድንችና በዳቦ ከሚከርም፣ ከፍስክ በኋላ ቢሄድ ይሻለዋል። ልጆቻቸው በዚያ አገር ትምህርት ቤት የሚማሩ ግን በትምህርት ቤቱ ቀን መቍጠሪያ መገዛታቸው ግድ ነውና፣ ሆቴሉንና መምህሩን ከብዙ ወራት በፊት ይያዙ።

ከኢትዮጵያ የሚነሣ ቤተ ሰብ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው ከጉዞው ቀን ስድስት ወር ሲቀረው ጀምሮ ይቀርባል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ከ15 ቀን በታች መቅረት የለበትም። ለቪዛው የሚጠየቀው የሕክምና ኢንሹራንስ ቢያንስ 30000 ዩሮ የሚሸፍን ነው። ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ፤ አንዳንዱ የኢንሹራንስ ውል በስኪ የሚደርሰውን ጉዳትና ከተራራ በሄሊኮፕተር የመነሣቱን ዋጋ አይከፍልም። በስዊስ አገር ግን ሄሊኮፕተሩ በነጻ የሚመጣ አይደለም፤ ሒሳቡ ለበሽተኛው ይላካል። ስለዚህ «ስኪ» የሚለው ቃል በውሉ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ካልታየ ፊርማ አይደረግ።

ስለ ልብስ አንረዝምም። ከሥጋ አጠገብ የሚለበሰው ሱፍ ይሁን፤ ጥጥ ላብ ይይዛል፤ ላቡም ሲቀዘቅዝ ሰውነትን ያንቀጠቅጣል። ጋቢያችን ለሆቴሉ ምሽት ወደር የለውም፤ ለተራራው ግን አይሆንም። ጓንት ለልጆች ሁለት ሁለት ይያዝ፤ አንደኛው መጥፋቱ አይቀርምና። የራስ ቁር ለሁሉም፣ ለአባትም ጭምር።

ሳንቃውንና ጫማውን መከራየት እንጂ መግዛት አያስፈልግም። በኪራይ ቤቱ ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ነገር ይወሰናል። ጫማውን ከሳንቃው ጋር የሚያያዘው ማሰሪያ፣ ሰው ሲወድቅ በራሱ እንዲፈታ ሆኖ የተሠራ ነው። በስንት ኀይል እንደሚፈታ የሚለካውም በሰውየው ክብደት፣ በቁመቱ፣ በዕድሜው፣ በጫማው ርዝመትና በችሎታው ነው። እንግዲህ «ትችላለህን?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ በሰው ፊት ጀማሪ መባልን አፍሮ «ደኅና አድርጌ እችላለሁ» የሚል ሰው፣ ማሰሪያው እንዲጠብቅበት ራሱ ፈርዷል። በወደቀ ጊዜ ሳንቃው አይፈታም፤ የሚጠመዘዘውም እግሩ ነው። ክብረት በሌላ ቦታ ይፈለግ፤ በዚያ ቦታ የሚያዋጣው እውነቱን መናገር ነው።

አባት ልጁን ራሱ ሊያስተምር አይነሣ። ለመምህር የሚወጣው ገንዘብ ከጕዞው ወጪ ሁሉ አስቀድሞ ይቀመጥ፤ የሚቀነስ ካለ ከሆቴሉ ደረጃ ይቀነስ። ልጆች ከ4 ዓመት ገደማ ጀምሮ በስኪ ትምህርት ቤት ይቀበሏቸዋል። በስዊስ አገር መንገዶቹ በቀለም የተለዩ ናቸው፤ ሰማያዊው ለጀማሪ፣ ቀዩ ለመካከለኛ፣ ጥቍሩ ለጐበዝ ነው። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ያወጣቸው ዐሥር የሥነ ሥርዐት ደንቦች አሉ፤ ከነዚህም አንዱ፣ ከኋላ የሚመጣው ከፊት ላለው ይጠንቀቅ የሚል ነው። ከፊት ያለው ሕፃን የኋላውን አያይምና፣ ደንቡ እጅግ ተገቢ ነው።

ቍልቍለት ለሚፈራ በሜዳ የሚኬድበት ሌላ ዐይነት ስኪ አለ፤ ከዜርማት በታች በቴሽና በራንዳ መንደሮች መካከል ለዚሁ የተሰናዳ መንገድ ይገኛል። በ2006 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞ የቀረበው ሮቤል ተክለ ማርያም የተወዳደረው በዚሁ በሜዳው ስኪ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. በቫንኩቨርም ደግሞ ተሰልፏል።

ከሁሉ የሚከፋው የአመዳይ ናዳ ነው። በዳቮስ ከተማ ያለው የአመዳይ ምርምር ተቋም በክረምት ወራት የአደጋውን መጠን ከ1 እስከ 5 በቍጥር እየለየ በየቀኑ ያስታውቃል፤ የቤቱ አባት ማታ ማታ ይህን ቍጥር ሳያይ አይተኛ። በምልክት በታጠሩት መንገዶች ላይ ጠባቂዎች ስላሉ አደጋው ጥቂት ነው፤ በናዳ የሚሞቱት አብዛኞቹ ከምልክቱ ወጥተው ያልተነካውን አመዳይ የሚሹ ናቸው። ናዳ ያለበሰው ሰው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ተቈፍሮ ካልወጣ ተስፋው በፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ የሆኑት ጐረምሶች፣ ከገመዱ አልፈው እንዳይሄዱ፣ ተራራው ላይ ሳይሆን በቤት ሳሉ ቃል ይግቡ።

መንገድም የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በአውሮፓ አቈጣጠር በጃንዋሪ 2018 ዓ.ም. አመዳይ በብዛት ወርዶ የአደጋው ቍጥር 5 ሲደርስ፣ ወደ ዜርማት የሚወስደው የባቡር ሐዲድና መንገድ ተዘግቶ፣ 13000 ያህል እንግዶች በመንደሪቱ ውስጥ ቀሩ፤ አንዳንዶቹም በሄሊኮፕተር ተነሡ። እንግዲህ ባለ ሥልጣን የሆነ ሰው ወደ ሥራው የሚገባበትን ቀን ከመመለሻው ማግስት አያድርገው፤ ሁለት ቀን ትርፍ ይያዝ። ዘወትር መድኀኒት የሚወስድ ሰውም ካሰበው ቀን የሚተርፍ መድኀኒት በእጅ ቦርሳው ይዞ ይሂድ።

ከቤተ ሰቡ ውስጥ የማይንሸራተቱትን፣ ይልቁንም አያቶችን፣ በሆቴል ዘግቶ መዋል ነውር ነው። ከዜርማት የሚነሣው የጎርነርግራት ባቡር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፣ ሰውን ቁጭ እንዳለ እስከ 3089 ሜትር ያወጣል። ልብ ወይም ደም ግፊት ያለባቸው ከመሄዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ጥቍር መነጽርና የፀሐይ ቅባትም አይዘንጋ፤ አዲስ የወረደ አመዳይ የፀሐይን ብርቱ ጨረር እስከ 80 ከመቶ ድረስ መልሶ ወደ ፊት ይረጨዋልና፣ ቍሩን ብቻ የፈራ ሰው ማታ ፊቱ ተቃጥሎ ይገኛል። ባቡሩ ወደ ላይ ሲወጣ ማተርሆርን የሚታየው በቀኝ በኩል ነው፤ ስለዚህ ከልጆቹ አንዱ ቀደም ብሎ ገብቶ ለአያቱ በቀኙ መስኮት አጠገብ ቦታ ይያዝላቸው።