የማይታወቅ ብረትና ልጆቻችን

በእኛ በአሰቦት፣ እንደ ሌሎቹ የሐዲድ ዳር ከተሞች፣ ልጆች አሮጌ ብረት ለቃቅመው ለቁራሌው ይሸጣሉ። ከብረቱ መሀል ምን ሊገኝ እንደሚችል ግን ብዙዎቻችን አንጠይቅም። ስለዚህ ዛሬ በብራዚል፣ ጎያኒያ ከተማ የደረሰውን ላጫውታችሁ።

በመስከረም 1980 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች ከተዘጋ የጨረር ሕክምና ክሊኒክ የመሣሪያ አካል አውጥተው ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ሸጡ። ውስጡ በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራ ዱቄት ነበር። ነጋዴው ተገርሞ ለዘመድ አዝማድ አከፋፈለው። ዱቄቱ ሲዚየም 137 የተባለ ጨረር አመንጪ ነበር። 249 ሰዎች ተበከሉ፤ 4 ሰዎች ሞቱ። አንዷ በነካችበት እጇ የበላች የ6 ዓመት ልጅ ናት።

ይህ ሲዚየም እንደ ገበታ ጨው በውኃ ይሟሟል። ሰውነታችንም ፖታሲየም መስሎት ወደ ጡንቻ ያስገባዋል። ማፍላትም ማቃጠልም አያጠፋውም። ኬሚስትሪ የሚችለው አጥምዶ መያዝ ብቻ ነው። ለጎያኒያ ሕሙማን የተሰጠው «ፕሩሺያን ብሉ» ሠዓሊዎች ከ1700ዎቹ ጀምሮ የሚያውቁት ሰማያዊ ቀለም ነው። አንጀት ውስጥ ሲዚየሙን ይይዝና በሰገራ ይወጣል። ከሰውነት ግማሹ ለመውጣት 110 ቀን ገደማ የሚፈጀው ወደ 30 ቀን ይወርዳል። የሚሰጠው ግን ለመድኃኒትነት ተዘጋጅቶ፣ በሐኪም ትእዛዝ ነው፤ የሱቅ ቀለም ለማንም እንዳይሰጥ!

የኒውክሌር ፍሳሽም የሚጣራው በተመሳሳይ ብልሃት ነው። በ2003 ዓ.ም. በጃፓን ፉኩሺማ ከደረሰው አደጋ በኋላ የተበከለውን ውኃ ዚዮላይት በተባለ፣ ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ማዕድን አሳልፈውታል። ውኃው ቢጠራም ሲዚየሙ ማጣሪያው ላይ ይቀራል። ኃይሉ በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ስለሚወስድ፣ ማጣሪያው ራሱ ታሽጎ ይጠበቃል።

እንግዲህ መያዙ ይህን ያህል ከከበደ፣ መጠንቀቁ ይቀላል። ከመጠን በላይ የከበደ፣ የታሸገ ወይም ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት ያለበት ብረት ካያችሁ አትንኩት፣ አትክፈቱት፤ ልጆችን አርቁና ለፖሊስ ወይም ለጤና ጣቢያ ንገሩ። የነካ ልጅ ካለ ልብሱን አውልቁ፣ በሳሙናና በውኃ እጠቡት። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የነካውን ተናገሩ፤ ዕቃውን ግን ይዛችሁ አትምጡ። በነርስነት ዘመኔ እናቶችን «ልጁ ምን በላ?» ብለን እንጠይቅ ነበር። «ምን ነካ?» የሚለውም እኩል ይጠየቅ።

የሳምንት ሰው ይበለን።