«ተከራይ ነሽ፣ ዝም በይ» የሚሉትን እናወግዛለን

በጀሞ፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የሚፈጸመውን በደል «የጎረቤት ጠብ ነው» ብሎ ማለፍ ይብቃ። ለጠብ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። በእኩለ ሌሊት በሯ በእርግጫ የሚመታባት፣ ባሰጣችው ልብስ ላይ እጣቢ የሚደፋባት፣ ልጇን አዝላ ደረጃ ስትወጣ ስድብ የሚከተላት ሴት ከማንም ጋር አልተጣላችም። የሚደርስባት ግፍ ነው።

አብሮ መኖር ጫጫታ እንደማያጣው እናውቃለን። በስስ ግድግዳ ተለያይቶ ለሚኖር ሰው የጎረቤቱ ሙቀጫ ይሰማዋል፤ የበዓል ሰሞን የዶሮ ላባ ደረጃው ላይ ይገኛል። ይህ በአንድ «ይቅርታ» ያልቃል። የምናወግዘው ሆን ብሎ የሚያጠቃውን ነው፦ ፓምፕ ገጥሞ ውሃውን ወደ ራሱ እየሳበ የላይኛውን ፎቅ የሚያስጠማውን፣ የጋራውን ኮሪደር በብረት በር ዘግቶ ዕቃ ማስቀመጫ ያደረገውን፣ ምድር ላይ ግሮሰሪ ከፍቶ እስኪነጋ ሙዚቃ እያስጮኸ «ሂጂ ክሰሽ» የሚለውን፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ቤት የገባውን የወጣውን እየቆጠረ ስሟን የሚያጠፋውን።

ተከራይ ላይ ሲሆን ደግሞ ግፉ ይብሳል። ተበዳይዋ አቤት ስትል በዳዩ ስልክ አንስቶ ለአከራይዋ ይደውላል፤ «ያስገባሻት ሰው ግቢውን አመሰችው» ይላል። አከራይዋ ሳታጣራ «ቤቱን ልቀቂልኝ» ትላለች። በወሩ መጨረሻ ፍራሽና ድስት አይሱዙ ላይ ይጫናል፣ ልጆች ከትምህርት ቤታቸው ይርቃሉ፤ በዳዩ እዚያው ተቀምጦ ቀጣዩን ተከራይ ይጠብቃል። ይህችን ስልክ የሚደውለውንም፣ ሰምታ የምታስወጣዋንም እኩል እናወግዛለን። ተከራይ ሁሉ ጻድቅ ነው አላልንም፤ የተከራየውን ቤት ሺሻ ቤት አድርጎ ብሎኩን የሚያውከውም ከውግዘቱ አያመልጥም።

ሕግ የለም የሚል ካለ ይስማ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለቤት የሆነ ሰው በጭስ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅ፣ በንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃውንና ኮሪደሩን የባለቤቶች ሁሉ የጋራ ሀብት አድርጎ አስተዳደሩን ለባለቤቶቹ ማኅበር ሰጥቷል። የኪራይ አዋጁ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። «ቤቴ ነው፣ የፈለግሁትን አደርጋለሁ» የሚል ሰውም ይወቅ፦ ሕንፃው የቆመበት መሬት እንኳ የእርሱ አይደለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው።

ታዲያ ማኅበሩ የት ነው? ለጥበቃና ለጽዳት መዋጮ የተከራይዋን በር የሚያንኳኳው ኮሚቴ፣ ስሞታ ይዛ ስትመጣ «የቤቱ ባለቤት ይምጣ» ብሎ ይመልሳታል። ገንዘቧ ሲፈለግ ነዋሪ፣ መብቷ ሲነሳ እንግዳ ትሆናለች። ይህ አሳፋሪ ነው። ጩኸቱን ሰምተው መጋረጃ ገለጥ አድርገው አይተው የሚመለሱ ጎረቤቶችም አሉ፤ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለውን ተረት የሚያውቁ፣ ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚደርሱ ሰዎች። ዝምታቸው ለበዳዩ ድጋፍ ሆኖለታል።

ለተበዳይዋ የምንላት ይህ ነው፦ የደረሰብሽን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጻፊ፣ ምስክር ያዢ። ዛቻና ድብደባ ከሆነ ኮሚቴ ሳትጠብቂ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ፤ ወንጀል ነውና። የማኅበራት ኮሚቴዎች ሆይ፣ የተከራይን ስሞታ እንደ ባለቤት ስሞታ መዝግባችሁ ያዙ፤ በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤም ከመዋጮው ሒሳብ በፊት በዳዩን በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁት።