በግድግዳ ላይ የተሰቀለው በገና

በመዝሙረ ዳዊት በ136ኛው መዝሙር እንደምናነበው፥ ወደ ባቢሎን የተማረኩት የእስራኤል ልጆች የዜማ መሣሪያቸውን በዛፍ ላይ የሰቀሉት ከኀዘን የተነሣ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ፥ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች ከሚኖሩት ወገኖቻችን አንዳንዶቹ ግን በገናን በእንግዳ መቀበያ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ለጌጥ ነው። ከአገር ቤት በብዙ ድካም ተጉዞ ይደርሳል፤ እንግዳም አይቶ ያደንቀዋል፤ የቤቱ ልጆች ግን ድምፁን ሳይሰሙ ያድጋሉ። ምርኮኞቹስ መሣሪያቸውን ቢሰቅሉትም መደርደሩን ያውቁ ነበር። ስለዚህ በባዕድ አገር በገና ለማግኘትና ለመደርደር ለሚፈልጉ ቤተ ሰቦች ጥቂት ምክር ለማቅረብ ወደድን።

በመጀመሪያ፥ ለማስታወሻ የሚሸጠው ሁሉ የሚደረደር በገና አለመሆኑን ገዢው ያስተውል። እውነተኛው በገና በቆዳ የተሸፈነ ገበቴ፥ ሁለት ምሰሶዎች፥ ከላይም መቃኛዎቹ የሚሰኩበት ቀንበር አለው። ዐሥሩ አውታሮች በጥንቱ ልማድ ከበግ አንጀት ይሠራሉ፤ ዛሬ በናይሎን የሚተኳቸውም አሉ። ከመግዛት በፊት ሠሪው ራሱ ቃኝቶ እንዲያሰማ መጠየቅ ነውር አይደለም። ለመንገድ ሲታሸግ አውታሮቹ ይላሉ። ቆዳና እንጨት በደረቅ አየር ስለሚኮማተሩም፥ በብርድ ወራት ከቤት ማሞቂያው አጠገብ አይቀመጥ።

ሁለተኛ፥ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ እንዚራ ትባላለች። በገና እንደ ንብ መንጋ የሚያስገመግመው አውታሩ በእርስዋ ላይ ሲንቀጠቀጥ ነው። ይህን የማያውቅ የባሕር ማዶ መሣሪያ ጠጋኝ ድምፁ ጉድለት መስሎት እንዚራዎቹን ሊያወጣቸው ይችላልና አስቀድሞ ይነገረው። እንዚራዋ ከቦታዋ ብትንሸራተት፥ ነዛሪው ድምፅ እስኪመለስ ድረስ በጣት ቀስ እያሉ ማስተካከል ነው።

ሦስተኛ፥ ጀማሪው የአውታሮቹን ብዛት አይቶ አይደንግጥ። በተለመደው አደራደር ከዐሥሩ የሚመቱት ስድስቱ ናቸው፤ የቀሩት ለጣት ማረፊያ ይሆናሉ። የሚመታውም በግራ እጅ ነው። መምህር መፈለግ ግን ግድ ነው፤ ሙያው ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የኖረ ነውና። ስመ ጥሩው ደርዳሪ ዓለሙ አጋ በልጅነታቸው የተማሩት በእንጦጦ ጎረቤታቸው ከነበሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው፤ እርሳቸውም በተራቸው እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። እንግዲህ በባዕድ አገርም በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ከሚሰበሰቡት መካከል የሚያውቅ ሰው መኖሩን መጠየቅ ይቅደም። ከታጣም በአገር ቤት ካለ መምህር ጋር በቪዲዮ እየተያዩ መማር ይቻላል። ይህ ትምህርት ለወንዶች ልጆች ብቻ ነው የሚል ወላጅ ቢኖር፥ እቴጌ ጣይቱ ብጡል በገና ይደረድሩ እንደ ነበር ያስታውስ።

በገና ድምፁ ዝቅ ያለ፥ ለጸሎትና ለተመስጦ የተመቸ ስለ ሆነ፥ በጠባብ አፓርትማ ለሚኖር ሰውም ጎረቤትን የሚያውክ አይደለም። የዐቢይ ጾም 55 ቀኖች ለዚህ የተመቹ ናቸው። በሳምንት አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፤ አባት ወይም እናት አንድ አጭር መዝሙር ይደርድሩ፤ የቃሉንም ትርጉም ለልጆቹ ያስረዱ። በበገና ዜማው ቃሉን ይሸከማል እንጂ አይሸፍነውም፤ ዝግ ብሎ የሚዜም በመሆኑም አማርኛ የሚከብደው ልጅ እያንዳንዱን ቃል ለይቶ መስማት ይችላል። በትምህርት ቤት የማያገኘውን የአያቶቹን ቋንቋ በዚህ መንገድ ጥቂት በጥቂት ይለምዳል።

ወላጆች ሆይ፥ እጃችሁ እስኪሠለጥን ድረስ አትጠብቁ። ልጅ አባቱ ሲሳሳትና ሲያርም ቢያይ እርሱም ለመሞከር ይደፍራል። በቤታችሁ የተሰቀለ በገና ካለ፥ ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ አውርዳችሁ አቧራውን ጥረጉ፤ አውታሩንም ቃኙ።