ስለ ድቻ የሚናገር አፍ ስለ ክልል ለምን ይዘጋል?

በወላይታ ሶዶ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ስለ ወላይታ ድቻ ማውራት ለማንም አይከብድም። መጋቢት 2010 ዓ.ም. ድቻ የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያስወጣ ሽማግሌውም ወጣቱም ተንታኝ ነበር። ወሬው ወደ ክልል ጥያቄ ሲዞር ግን «ፖለቲካ ለአማኝ አይሆንም» ይባላል።

ወገኖች፣ ምክንያቱ መንፈሳዊነት ብቻ ነውን? ነሐሴ 2012 ዓ.ም. የክልልነትን ጥያቄ የያዙ የዞኑ አመራሮች ታስረዋል፤ በተቃውሞውም ሰዎች ተገድለዋል። የፈራ ሰው አይፈረድበትም (እኔም ብሆን)። ፍርሃትን ቅድስና ብሎ መጥራት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሰኔ 2015 ዓ.ም. በተደገመው ሕዝበ ውሳኔ ብዙ ምእመናን ተሰልፈው ድምፅ ሰጥተዋል። ድምፅ መስጠቱ ኃጢአት ካልሆነ፣ ለምን እንዲያ እንደመረጡ ለወንድም መንገሩ እንዴት ኃጢአት ይሆናል? ሶዶ ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማዕከል ናት። አንዱ «ይህ ይበቃናል» ይላል፤ ሌላው የወላይታን የራሷን ክልል ይሻል። ሁለቱ በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ይዘምራሉ፤ አንዱ የሌላውን ሐሳብ የሚሰማው ግን ከሦስተኛ ሰው ነው።