ከባቱ እስከ ሐዋሳ በቢሲክሌት

ልጃችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን ባለፈች ጊዜ ምን እንደምንሸልማት ብንጠይቃት፥ ልብስም ጌጥም ሳትጠይቅ፥ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመሄዷ በፊት ከእኛ ጋር ከሐይቅ ወደ ሐይቅ በቢሲክሌት ለመጓዝ መፈለጓን ነገረችን። አያቷ ይህን በሰሙ ጊዜ እጅግ ተቈጡ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ቢሲክሌተኞች ማሰለፏን ብናስረዳቸው፥ «እነዚያ ወንዶች ናቸው» ብለው ክርክሩን ዘጉት። የባለቤታችን ፍርሃት ግን ስለ ካሚዮኑ ብቻ ስለ ነበረ፥ በመጨረሻ በሦስት ውል ፈቀደች፤ ይኸውም የራስ ቁር እንድናደርግ፥ ከየከተማው ስልክ እንድንደውል፥ ፀሐይ ሳትጠልቅም ሐዋሳ እንድንገባ ነው።

ቀድሞ ዝዋይ ከሚባለው ከባቱ ከተማ እስከ ሐዋሳ በነባሩ መንገድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በጥቅምት፥ ዝናሙ ካባራ በኋላ፥ ቢሲክሌቶቹን በመኪና አስጭነን በዋዜማው ባቱ ገባን። ማታውን ካቴናውን ዘይት ቀባን፤ ፍሬኑን አጠበቅን፤ ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፥ መለጠፊያና መንፊያ በከረጢት አኖርን። ባለቤታችን ያዘጋጀችውን በሶና ቆሎ የያዘችው ልጃችን ናት።

ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲያራግፉ፥ አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ዳኛ ትከሻቸውን ሰብስበው ድርሻቸውን ይጠባበቁ ነበር። በሩቅ የደሴቶቹ ጥላ ይታያል፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ይባላል፤ በላዩም የደብረ ጽዮን ገዳም አለበት። የዛይ ሕዝብ በእነዚህ ደሴቶች ላይ እያረሰና እያጠመደ፥ በደንገል ታንኳ እየተመላለሰ ብዙ ዘመን ኖሯል። ልጃችን በሶዋን በጥብጣ ስትጠጣ እኛ ግን በአንድ ሲኒ ቡና ብቻ ተነሣን። ይህን ስለ ምን እንደ ጻፍነው በኋላ ይታወቃል።

እስከ አዳሚ ቱሉና እስከ ቡልቡላ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ግራሩ ሰፋ ብሎ ቆሞ ጥላውን በአስፋልቱ ላይ ይጥላል። በመኪና ብዙ ጊዜ ያለፍንበት አገር ቢሆንም፥ የአህያ ጋሪ ድምፅ፥ የከሰል ሽታ፥ ከትምህርት ቤት በር እየሮጡ የሚከተሉን ሕፃናት ጩኸት እስከዚያ ቀን ከመስተዋት ውጭ ቀርቶብን ነበር። ካሚዮን ከኋላ ሲመጣ መሪውን አጥብቀን ይዘን ወደ ጠርዝ እንጠጋለን፤ ሲያልፍ ነፋሱ ወደ ራሱ ይስባልና። ልጃችን ይህን ሁሉ በጸጥታ ታደርገው ነበር። እኛ ግን አባት በመሆናችን ፊት ፊት መምራት ይገባናል ብለን፥ ከባድ ማርሽ አስገብተን ፔዳሉን እንደ ጠላት እንረግጠው ጀመር።

ከቡልቡላ በኋላ በስተግራ ላንጋኖ፥ በስተቀኝ አቢጃታና ሻላ ይገኛሉ። የላንጋኖ ውሃ ደለል ስለ ያዘ ቡናማ ነው። ወደ ፓርኩ ገባ ብለን ከፍ ካለ ስፍራ ላይ ቆምን። ከሃያ ዓመት በፊት ከባለቤታችን ጋር፥ ገና ሙሽሮች ሳለን፥ በዚሁ ስፍራ ቆመን አቢጃታን ተመልክተን ነበር፤ ዛሬ ለልጃችን ያንን ውሃ ልናሳያት እጃችንን ብንዘረጋ፥ ጣታችን ያመለከተው ነጭ ምድረ በዳ ሆነ። ውሃው ወደ ሩቅ ሸሽቷል።

ምክንያቱን ጠየቀችን፤ የምናውቀውን ነገርናት። አቢጃታን ከሚመግቡት ውሃዎች ዋናው ከዝዋይ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ነው፤ ውሃው ከዝዋይና ከወንዙ ለመስኖ ሲቀዳ፥ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ሥራ ሲወሰድ፥ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ፈጥኖ ያንሳል፤ ሲያንስም ጨውነቱ ይበረታል። ጎረቤቱ ሻላ ግን ጥልቀቱ 260 ሜትር ስለሚያልፍ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። በድሮ ጊዜ ይብራዎች በሻላ ደሴት ጎጆ ሠርተው፥ ለጫጩቶቻቸው ዓሣ ከአቢጃታ ያመላልሱ ነበር፤ ዓሣው ሲጠፋ ይህ ገበያ ተዘጋ። ልጃችን፥ «እናቴ ይህን አይታለች?» አለች። አላየችም አልን። ፎቶግራፍ ለማንሣት ስልኳን አውጥታ ጥቂት ካመነታች በኋላ መልሳ ወደ ኪሷ ከተተችው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ አርሲ ነገሌ ይወጣል። ነገሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ጥቂት ከፍ ትላለች፤ ከሐይቆቹ ዳርቻ 400 ሜትር ያህል መውጣት ነው። በመኪና ለተቀመጠ ሰው ዳገት መሆኑ እንኳ አይታወቀውም፤ በቢሲክሌት ለሚሄድ ግን እያንዳንዱ ክንድ ይቈጠራል። ፀሐይዋም አናት ላይ ደርሳ ነበር። በመካከሉ የባታችን ጅማት ተሸማቀቀ፤ ዓይናችን ጨለመ፤ ቢሲክሌቱም እኛም አብረን ከመንገዱ ዳር ወደቅን።

ልጃችን ሳትጮኽ ቢሲክሌቷን አቆመች፤ እኛን ወደ ግራር ጥላ ደግፋ ወሰደች፤ እግራችንንም ዘርግታ አሸች። ውሃችን አልቆ ስለ ነበር ከሰል ወደምትሸጥ አንዲት ሴት ሄዳ «ቢሻን» አለቻት፤ ሴቲቱም ጀሪካኗን አንሥታ እስከምንጠግብ አጠጣችን። እኛ «ገለቶማ» ስንላት ድምፃችን ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ልጃችን በሶውን ከጨው ጋር በጠበጠችና፥ «አባባ፥ ይጠጡ» አለችን፤ እኛም ታዘዝን።

ሽንኩርት የጫነ አንድ ኢሱዙ ቆመና ሾፌሩ እስከ ነገሌ ሊወስደን ፈቀደ። እኛም ወዲያው፥ «ስለ ልጅቱ ብለን እንሳፈራለን» አልነው። ልጃችን ወደ እኛ ዘወር ብላ በዝግታ፥ «ስለ እኔ ከሆነስ አልደከመኝም፤ ስለ እርስዎ ከሆነ ግን አሁኑኑ እንሳፈር» አለችን። ሾፌሩ ይጠባበቃል፤ የሽንኩርቱ ሽታም ዓይናችንን ያቃጥላል። ጥቂት ዝም ካልን በኋላ፥ «ስለ እኛ ነው» አልን።

ነገሌ ላይ ምሳ በልተን አንድ ሰዓት ያህል አረፍን። ከዚያ ወዲያ እስከ ሐዋሳ የቀረው 50 ኪሎ ሜትር አብዛኛው ቁልቁለት ነው፤ በሻሸመኔ የባጃጁና የጋሪው ግርግር ብቻ ያስቸግራል። ልጃችን ፊት ሆነች፤ ጉድጓድ ባየች ቁጥር በእጇ እያመለከተች ትመራን ነበር። እኛም በቀላል ማርሽ ከኋላ ተከተልን፤ አየሩም ከዚህ በፊት ያልቀመስነው ሆኖ ተሰማን።

በአሥራ አንድ ሰዓት አሞራ ገደል ደረስን። የተጠበሰ ቆሮሶ አዝዘን ስንጠባበቅ ስልኩ ጮኸ፤ አያቲቱ ነበሩ። «ልጅቱ አልደከመችም?» አሉን። ልጃችን በውሃው ዳር ጎንበስ ብላ፥ ከተማው መግቢያ ላይ የተነፈሰውን የእኛን ከመነዳሪ ትለጥፍ ነበር። እኛም በመንገድ ዳር የሆነውን ሁሉ አንድ ሳናስቀር ነገርናቸው፤ አያቲቱ ረዥም ጊዜ ከሳቁ በኋላ፥ «እስቲ ስልኩን ለእርስዋ ስጧት» አሉን።